ከዓይን እስኪሰወር

ታምሲን መሀል እንግሊዝ የገባችው ከባሕር ሸሽታ ነው። ባሕር አባቷን በላባትና ዕቃዋን ሸክፋ፣ የማዕበል ድምፅ እንኳ የማይደርስበት ከተማ ሄዳ ሥራ ያዘች። ምን ዋጋ አለው? ቅጠል መርገፍ ሲጀምርና የምዕራቡ ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ሲያገሳ፣ ባሕሩ ወፎቹን ይልክባታል።

ከኤድዊን ጋር ያገናኛትም እንዲህ ነፋስ ያመጣው ወፍ ነበር። አምና በጥቅምት፣ ከምትሠራበት ሱፐርማርኬት ጀርባ፣ ዝናብ ያራሰው አስፋልት ውሃ መስሎት አንድ የባሕር ወፍ ዱብ አለ። እንዲህ ያለው ወፍ ከደረቅ መሬት መነሳት አይችልም። ታምሲን ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ስታየው፣ ጢሙ ቀይ የሆነ ወጣት ባዶ የሙዝ ካርቶን ይዞ ደረሰ።

«አትፍሪው፤ እሱ ነው አንቺን የፈራሽ» አላት።

«እርግጠኛ ነህ?»

ልጁ ግድግዳውን የሙጥኝ ያለ እጇን አየ፤ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። ከዚያ በኋላ ካርቶኑን መክደን ረስቶ ወፉ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው።

ዘንድሮ ደግሞ ባለፈው ሳምንት፣ ከከተማው ዳር ባለው የግድብ ሐይቅ አጥር ላይ ተደግፈው ሳለ «አግቢኝ» አላት። «ላስብበት» አለችው። ይኸው እስካሁን እያሰበች ነው። ትወደዋለች፤ እሱን መካድ አትችልም። ግን ኤድዊን ትርፍ ጊዜውን ሁሉ የሚያሳልፈው እዚያው ሐይቅ ላይ፣ በጀልባ ክለቡ ነው። እናቷም በስልክ «ልጄ፣ ወንድ እንደሆነ ሞልቷል፤ ውሃ ላይ የሚውለውን ተይልኝ» ብላታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ሰው ይጥላል። እንዲህ ባለ ቀን የአገሩ ወፍ ወዳጆች ቴሌስኮፓቸውን ይዘው ግድቡ ላይ ይሰለፋሉ። ሐይቁን እንደ ሰዓት ፊት ቆጥረው፣ መሀል ያለውን የውሃ ማማ አሥራ ሁለት ይሉታል፤ ከማማው በስተቀኝ አንድ፣ ሁለት፣ በስተግራ አሥራ አንድ፣ አሥር እያሉ ይጠቋቆማሉ። ወፍ ሲመጣ ከሁሉም ቀድሞ የሚያየው ሆራስ ነው፤ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ፣ በዚያ አገር ልማድ ሁሉንም ሰው «የኔ ዳክዬ» የሚል ሽማግሌ።

የዚያን ቀን ግን ያየው ደስ የሚል አልነበረም። ዝይ የሚያክል ነጭ የባሕር ወፍ፣ ከማማው አጠገብ በተንሳፈፈች ቀይ በርሜል ላይ በዓሣ ማጥመጃ ክር ተተብትቦ ይንፈራገጣል።

ከታምሲን ጋር እዚያው የቆመው ኤድዊን የመንሳፈፊያ ሰደርያውን መቆለፍ ጀመረ።

«ተው፣ ኤድዊን። ነፋሱን አታየውም?»

«ክሩን ቆርጬ መመለስ ነው። አንቺ ብቻ ዓይንሽን ከእኔ እንዳታነሺ።»

ከሰው ሁሉ መርጦ እሷን ይህን ይለምናል? በመንደሯ ዓሣ አጥማጅ ሲወጣ ሴቶቹ ጀልባው ከዓይን እስኪሰወር አያዩም፤ ቀደም ብለው ጀርባ ይሰጣሉ። እስኪሰወር የታየ ሰው አይመለስም ይባላል። እናቷ አንድ ቀን ብቻ ሆዷ አልችል ብሏት፣ መስኮት ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች። አባቷ የቀረው ያን ቀን ነው። እናትየውም ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ራሷን ይቅር ብላ አታውቅም።

ኤድዊን በትንሽ ጀልባ ወጣ፤ ታምሲን ዓይኗን ከቴሌስኮፖቹ በአንዱ ላይ ደቀነች። ኤድዊን አጠገቧ ያለ ያህል ይታያል፤ ከጢሙ የሚንጠባጠበው ውሃ፣ ወፉን ሲያባብል የሚንቀሳቀሰው ከንፈሩ። ይህን ያህል ቀርቦ ውሃው ቢውጠው እኮ እጇ አይደርስለትም።

«አሥር ላይ!» አለ ሆራስ። «ያቺ ትንሿ ጥቁር። ውሃው ላይ እየሮጠች ነው፣ የኔ ዳክዬዎች።»

ቴሌስኮፑ ሁሉ ወደ ግራ ዞረ። አባቷ ልጅ ሳለች «በእግሯ ውሃ ላይ የምትሮጥ ወፍ አለች፤ አንድ ቀን አሳይሻለሁ» ይላት ነበር። ሳያሳያት ቀረ። ታምሲንም ዞረች። እውነቱን ለመናገር ግን ዓይኗን የምታነሳበት ምክንያት ስትፈልግ ነበር። ድንቢጥ የምታህለው ወፍ ማዕበሉን በእግሯ ነካ ነካ እያደረገች ስትሮጥ አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ስትመለስ ጀልባዋ ተገልብጣለች። ሰው የለም።

ቴሌስኮፑን ወደ ማማው አዞረች፤ የለም። ወደ በርሜሉ አዞረች፤ የለም። «የት ነው? ማን አየው?» ብትል፣ ሁሉም ወፏን ሲያይ ነበርና ያየው አልነበረም። ሆራስ ስልኩን አውጥቶ ለጀልባ ክለቡ ደወለ።

እግዜር ይስጠው፣ ማዕበሉ አንዴ ጎንበስ ሲል ከማማው በስተቀኝ ቀይ ጢም ብቅ አለ።

«አንድ ላይ ነው! አንድ ላይ በላቸው፣ ሆራስ!»

የክለቡ ሞተር ጀልባ ተነሳ። ነጂው ከማዕበሉ ወዲያ ያለውን ማየት አይችልም፤ የሚሄደው ሆራስ በስልክ በሚነግረው ብቻ ነው፤ ሆራስ ደግሞ የሚነግረው እሷ ያለችውን ነው። «ወደ ሁለት እየተወሰደ ነው። ወደ ሁለት!» ኤድዊን ይጠፋል፣ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ያቺ ጥቁር ወፍ መልሳ በቴሌስኮፑ ፊት እልፍ አለች። ታምሲን አልተከተለቻትም። እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ ዓይኗን ግን አልጨፈነችም፣ የክለቡ ሰዎች ይዘው ወደ ጀልባው እስኪስቡት ድረስ።

ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ወፉ የነከሰው እጁ እየደማ አመጡት። ነጩ ወፍ በርሮ ሄዷል። ታምሲን አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አ-አየሽኝ አይደል?» አላት ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«አላየሁህም። ዓይኔን አነሳሁ። ይቅር በለኝ።»

«ታዲያ የ-የት እንዳለሁ ማን ነገራቸው?»

«አገባሃለሁ» አለችው በመልስ ፈንታ።

መኪናው ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልላው ለእናቷ ደወለች፤ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«ላገባው ነው፣ እማዬ። ነገም ውሃ ላይ ይወጣል፤ እኔም እፈራለሁ። ግን ዛሬ የጠፋብኝ ዓይኔን ሳነሳ ነው። አባዬን የወሰደው ያንቺ ዓይን አይደለም።»

በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች እናቷ። «ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አባትሽ ወደ ባሕር ከገባው ቋጥኝ ጀርባ ሊሰወር ሲል ዞር አለና እጁን አውለበለበልኝ። ጀርባዬን ስለምሰጥ እስከዚያ ቀን እንደሚያውለበልብ አላውቅም ነበር።»

ታምሲን የኤድዊንን ቀዝቃዛ እጅ ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

«በይ» አለች እናትየው፣ «ልጁን ትኩስ ነገር አጠጪው።»