የተጠረገው መንገድ

የእህቴ ባል መስታወት ቆራጭ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ባለመስታወቱ» እያለ ነው የሚጠራው። አንድ አመል አለበት፤ መንገድ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ ካየ አልፎ መሄድ አይችልም። ሠርግ እየሄደም ቢሆን ጎንበስ ብሎ ይለቅማል፤ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል። እህቴ ልብሱን ከማጠቧ በፊት ኪሱን የምትፈትሸው እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ ነው። እኔም «ማዘጋጃ ቤት ደመወዝ ይቁረጥልህ እንጂ» እያልኩ እቀልድበታለሁ። እሱ ግን «መስታወት እግር አይመርጥም» ብሎ ይመልስልኛል። ወገኖቼ፣ የዚህን ሰው ነገር የማወጋችሁ ይኸው ደግ አመሉ ሱቁን ሊያዘጋው ምንም ስላልቀረው ነው።

አንድ ጠዋት ለአንድ ክሊኒክ የሚገጠሙ የመስኮት መስታወቶች በፒካፑ ጭኖ ሲሄድ፣ እኔም ላግዘው አብሬው ተሳፍሬ ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር መንገድ ስታቋርጥ ቆመላት። ከኋላችን የመጣው የቤት መኪና ግን አልቆመም፤ እንደመጣ ገጨን። የጫንነው መስታወት ተሰባብሮ በዚያኛው መኪና ላይ ዘነበ። ስንወርድ ከሹፌሩ አጠገብ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ እናቱ ናቸው። የመኪናቸው የፊት መስታወት ረግፎ፣ ከጸጉራቸው እስከ ጉልበታቸው ስብርባሪ ለብሰዋል።

ባለመስታወቱ የራሱን መኪና ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ወደ እሳቸው ሮጠ።

«እማማ፣ አይዞዎት። ዓይንዎን ይጨፍኑና እንዳይነቃነቁ። ይሄ የኔ ሥራ ነው» አላቸው።

ከዚያም ከሽፋሽፍታቸው ጀምሮ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀመላቸው። ጣቱ ይደማል፣ እሱ ግን ልብም አላለውም። እማማ ዓይናቸውን ገልጠው ደህና መሆናቸውን ሲናገሩ፣ ያ ሁሉ መስታወት ወርዶ አንድ ሰው እንኳ ክፉኛ አለመጎዳቱ ገረመኝ። የሰው ልጅ ምን ያህል በጥበቃ እንደሚኖር ያን ዕለት ገባኝ።

«ወንድሜ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስልክ እያወራሁ ነበር» አለ ሹፌሩ። «መኪናህን አሠራልሃለሁ። ፖሊስ መጥራቱ ምን ያደርግልናል? ለመጉላላት ነው።»

«እውነቱን ነው፤ ሰው ከተረፈ ብረት ይጠገናል። ተስማሙና ሂዱ» አሉ የከበቡን ሰዎች።

«ትራፊክ ፖሊስ ሳያይ ምንም ነገር አይነሳም» አልኩ እኔ።

ማን ሰምቶኝ። ባለመስታወቱ ከአንድ ሱቅ መጥረጊያ ተውሶ መጥረግ ጀምሯል። «ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉት በዚህ ነው፤ ይረግጡታል» አለኝ። መኪኖቹ ተገፍተው ዳር ያዙ። ጠርጎ ሲጨርስ መንገዱ አደጋ የደረሰበት አይመስልም ነበር።

ስልክ ተለዋውጠን ተለያየን። ሹፌሩ የማሠሪያውን ገንዘብ ሲጠየቅ መጀመሪያ «ነገ» አለ። ቀጥሎ ስልክ ማንሳት ተወ። በመጨረሻ አንስቶ «ድንገት ወደ ኋላ መጥተህ የገጨኸኝ አንተ ነህ» አለው። ፒካፑ ጋራዥ ደጅ ቆሟል፤ እቃ የሚያመላልስበት የለውም። ክሊኒኩም ሌላ ሰው እየፈለገ ነው። እህቴ ሱቁን ስለመዝጋት ማውራት ስትጀምር የባሏን እጅ ይዤ ሹፌሩ ኢንሹራንስ ወደገባበት ድርጅት ወሰድኩት።

የካሳ ክፍሉ ኃላፊ ረጋ ያለች ሴት ናት።

«የፖሊስ ሪፖርት ይዘዋል?»

«የለኝም።»

«ፎቶስ? ያዩ ሰዎች?»

«ሰዉ ወዲያው ተበተነ። ነፍሰ ጡሯንም አላውቃትም።»

«መንገዱ ላይ የወደቀው ስብርባሪስ?»

«ጠረግኩት» አለ ቀስ ብሎ።

ብዕሯን አስቀመጠች። «የጠረጉት መስታወት ብቻ አይደለም፣ ምስክርዎን ጭምር ነው። መጀመሪያ ሰው መርዳትዎ ትክክል ነው። ከዚያ ግን ፎቶ ይነሳል፣ ፖሊስ ይጠራል፣ ለራስዎም ኢንሹራንስ ሳይውል ሳያድር ይነገራል። ለልጆቹ ካሰቡም ፖሊስ እስኪመጣ ከልለው ይቆማሉ እንጂ አይጠርጉም።»

«እኔ አብሬው ነበርኩ፤ እመሰክራለሁ» አልኩ፤ ዝምድናችንንም ነገርኳት።

«እርስዎ የሚስቱ ወንድም ነዎት። ቃልዎን እንቀበላለን፣ ብቻውን ግን አይበቃም። በዚያኛው መኪና ውስጥ ከሹፌሩ ሌላ ማን ነበር?»

«እናቱ።»

«እንግዲያው እሳቸውም ይጠየቃሉ።»

ስንወጣ «በቃ፣ አለቀልን። እናት በልጇ ላይ ስትመሰክር የት ታይቶ ያውቃል?» አልኩት።

«ባይጠየቁ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። «እናትን ከልጇ አጋጭቼ የማገኘው ካሳ ምን ይበጀኛል?» አንዳንዴ ደግነቱ ያናድደኛል።

በቀጠሮው ቀን እማማ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። ገና ሳይጠየቁ ልጃቸው ቀደም ብሎ «እናቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ብዙም አላዩም» አለ።

«መድከሙንስ ደክሟል» አሉ እማማ። «ግን ይህ ሰው ‹ይጨፍኑ› እስኪለኝ ድረስ ገልጬው ነበር።»

የልጃቸውን እጅ ያዙ። ሲናገሩም አልለቀቁትም።

«ልጄ ስልክ ያወራ ነበር። ሰውየው እርጉዝ ሴት እያሳለፈ ቆሟል። ሄደን ገጨነው።»

«እማዬ፣ ምነው?» አለ ልጁ።

«መኪናው ተሰባብሮ፣ እጁ እየደማ፣ ከሽፋሽፍቴ ላይ መስታወት ለቀመልኝ። እሱ ያተረፈውን ዓይኔን ፊቱ ላይ ተክዬ ልዋሽበት? አንተን ስለምወድህ ነው የምናገረው፤ ይህን ተሸክመህ እንድትኖር አልፈልግም።»

በዕድሜዬ ብዙ ምስክር፣ ብዙ መሐላ ሰምቻለሁ፤ እናት ልጇን ሳትጥል እውነትን ስታነሳ ግን ያን ዕለት ገና አየሁ።

«ፈራሁ» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። «ጥፋተኛ ነኝ ካልኩ ድርጅቱ ዳግመኛ የሚያምነኝ አልመሰለኝም።»

«ሰው የማይሳሳት ቢሆን ኖሮ እኛም ሥራ ፈት ነበርን» አለችው ኃላፊዋ። «ኢንሹራንስ የገቡት ለዚህች ቀን ነው። እኛን ያስቸገረን ስህተትዎ ሳይሆን ውሸትዎ ነው።»

ልጁ ባለመስታወቱን ይቅርታ ጠየቀ፤ ቃሉንም አስተካክሎ ሰጠ። የድርጅቱ ጉዳት ገማች ፒካፑን አይቶ ካሳው ተፈቀደ። የክሊኒኩን መስኮቶች የገጠመውም ሌላ ሰው አይደለም። ባለመስታወቱ ዛሬም ስብርባሪ ይለቅማል፤ ግን መኪና ተጋጭቶ ካየ «ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፣ ፖሊስ ጥሩ» እያለ የሚጮኸው እሱ ሆኗል።

ወገኖቼ፣ በድንጋጤ የተገባ ቃል ድንጋጤው ሲያልፍ ይረሳል። ቃል የሰጣችሁ ሰው ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ፍርሃት ደጉንም ያስዋሻል። ስለዚህ ሰው ከተረፈ በኋላ ማስረጃችሁን ያዙ፣ ሳትዘገዩ አመልክቱ። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ደግሞ እውነቱን ተናገሩ። እንደ እማማ ያለ ምስክር ለሁሉም አይገጥመውም።

ያን ዕለት ከቢሮው ስንወጣ እማማ ደረጃው አናት ላይ ቆሙ። ባለመስታወቱ በአንድ ወገን ክንዳቸውን ደገፈ። ልጃቸው አፍሮ ከኋላ ቀርቷል። እሳቸው ሌላውን እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ና እንጂ፣ ያዘኝ» አሉት።

መጥቶ እስኪይዛቸው ድረስ አንድ ደረጃ አልወረዱም።