ከሟች ጋር የተጋሩት መስመር

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። ይሄኛው ጉድ ግን ተሰምቶ ብቻ አልቀረም... ታይቷል።

ከራሷ ከአሰለፈች አፍ ነው የሰማሁት። ገበያ ላይ ዋጋ ስትከራከር ካልሆነ በቀር መዋሸት የማታውቅ ሴት ናት።

መጋቢት 1982 ዓ.ም.። ናዝሬት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

አዎ፣ ቀን ነው! ጨለማ የጠበቀ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። ናዝሬትን የሚያውቅ ሰው ቀትሯን ያውቃል። ጋሪው ይቆማል፣ ሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ መንገዱ ላይ አቧራ ብቻ ይሽከረከራል። እናቶቻችን በዚያ ሰዓት ልጅ ደጅ አያስወጡም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ዋጋ ነው።

የአሰለፈች ጎረቤት መሰለች አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላት፤ ንዋይ ይባላል። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ምፅዋ ነበር። መሰለች ድምፁን ልስማ ብላ ቤቷ ስልክ ለማስገባት ቆረጠች።

«የግል መስመር ነው የምፈልገው» አለች። «ድምፁ ጥርት ያለ ነው አሉ።»

«አብደሻል እንዴ? ዋጋው እኮ እሳት ነው!» አለቻት አሰለፈች። «ከጎረቤት ጋር የሚጋሩትን ውሰጂ። በግማሽ ዋጋ ነው።»

«እሱ ይንኮሻኮሻል። ደግሞ ልጄ ሲደውል ተጋሪው መስመሩን ይዞ ወሬውን ቢሰልቅስ?»

አሰለፈች ሳቀች። መላ መቼ ታጣና! አጥሩ ማዶ የአቶ ወልደአማኑኤል ቤት አለ። ሰውዬው ከሞቱ ጀምሮ ቤቱ እንደተቆለፈ ነው፤ የስልክ መስመራቸው ግን አልተቋረጠም።

«ከሳቸው ጋር ተጋሪ! ሟች መስመር አይዝብሽ። በግማሽ ዋጋ የግል አገኘሽ ማለት አይደል?»

እንዲያው ሆነ። የስልክ ሠራተኛ መጥቶ ሽቦውን ከሟች ቤት አሻገረና ጥቁሩን ስልክ መሰለች ሳሎን ውስጥ አስቀመጠው።

ስልኩ ግን ዝም አለ። ሳምንታት አለፉ... ዝም።

ከዚያ ምፅዋ ተያዘች የሚል ወሬ መጣ። ቀጥሎም የንዋይ መርዶ።

መርዶው መጀመሪያ የደረሰው ለእድሩ ዳኛ ለኦቦ ሰንበታ ነው። እሳቸው አሰለፈችን ጠርተው ነገሯት። እንደምታውቁት መርዶ እንደተገኘ አይወረወርም። ማለዳ ነው የሚነገረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ። የመሰለች እህት ከዝዋይ እስክትመጣ ሰፈሩ በሙሉ አፉን ዘጋ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አሰለፈች እየሄደች ከጓደኛዋ ጋር ትውላለች። እንባዋ ሲመጣ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ከዓለም ጤና የመጣ ሽንኩርት ነዋ! ዓይን ያጠፋል።»

መርዶው ሊነገር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቀትር ላይ፣ መሰለች በርበሬ እየደለዘች ፈገግ አለች።

«አልነገርኩሽም... ንዋይ ደወለ።»

አሰለፈች ቢላዋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«መቼ?»

«ትናንት። ልክ በዚህ ሰዓት። ዛሬም እደውላለሁ ብሏል።»

«ድምፁ... ይንኮሻኮሻል?»

«ምን ይንኮሻኮሻል! አጥር ማዶ ቆሞ የሚያወራ ነው የሚመስለው። የግል መስመር ምን ያደርግልኛል?»

ከምፅዋ ስልክ መደወል ከቀረ ቆይቷል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል... ከመሰለች በቀር።

ግርርር...

«እጄ በርበሬ ነው፤ አንሺልኝ!»

አሰለፈች ቢላዋውን አስቀምጣ ሄዳ አነሳችው።

መጀመሪያ ትንፋሽ ሰማች። ከትንፋሹ ኋላ የውኃ ድምፅ... ይመጣል፣ ይመለሳል... ይመጣል፣ ይመለሳል። ናዝሬት ደግሞ ምን ባሕር አላት?

«እትዬ አሰለፈች...»

በስመአብ! እናቱ ጡት ስታስጥለው እቅፏ አውላ ያሳደገችው ልጅ ድምፅ ይጠፋታል?

«ነገ ጠዋት... እንዳትነግሯት።»

«ንዋይ?» አለች በሹክሹክታ። «የት ነህ?»

«ደርሻለሁ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ቤት ነኝ።»

የውኃው ድምፅ ቀረበ።

«ሽቦው ጠበበኝ...»

መሰለች እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን ነጠቀቻት። «ወዬ የኔ ጌታ!»

አሰለፈች በመስኮት አጥሩን አሻግራ አየች። የሟቹ በር እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ ላይ አቧራ ተጋግሯል፤ ማንም አልነካውም።

በሩጫ ኦቦ ሰንበታ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ሐዘን ነው ያስቀባጠረሽ፣ ልጄ» አሏት። «መርዶ ካደረ ይከብዳል። ነገ ይነገራል።»

ማለዳ ተሰበሰቡ። ወንዶቹ ጋቢ ለብሰዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የዝዋይዋ እህት አፏን በእጇ አፍና ይዛለች። ኦቦ ሰንበታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው አንኳኩ።

ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ደጇ ያየች እናት ምን እንደመጣ ወዲያው ታውቃለች። ትጮሃለች።

መሰለች አልጮኸችም።

በሩን ቀስ አድርጋ ከፈተችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ፊቷ በደስታ ያበራል።

«ቀስ በሉ... ተኝቷል።»

አሰለፈች ቀድማ ገባች። የስልኩ እጀታ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ጀምሮ የባዶ እግር ዱካ ሲሚንቶው ላይ ታትሟል፤ ነጭ ነው። ዱካው ወደ ጓዳው ይሄዳል... ከጓዳ የሚመለስ የለም።

ኦቦ ሰንበታ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት። ቀመሱት።

«ያ ዋቅ!» አሉ አምላካቸውን ጠርተው። «ጨው ነው።»

አሰለፈች አላስችል አላት። መነገር አለበታ! የጓደኛዋን እጅ ያዘች።

«መሰለች እህቴ... ንዋይ እኮ...»

የጓዳው አልጋ ሲጢጥ አለ። ከመጋረጃው ኋላ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«እትዬ አሰለፈች... አትንገሯት ብዬ አልነበር?»

ሁሉም ሰማ። ኦቦ ሰንበታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ሌላውም ተከተለ።

መሰለች እስከ ዛሬ መርዶዋን አልተረዳችም። ልቅሶም አልተቀመጠላትም።

በቀትር በደጇ የሚያልፍ ሰው ግን ያያታል... በሩን ከፍታ፣ እያንጎራጎረች፣ ነጭ ጨው ወደ ውጭ ስትጠርግ።