አርባ አንደኛው ትምህርት

ሻለቃ ውዳላት ታፈረ ጠዋት ጠዋት ሥራዋን የምትጀምረው ሙታንን በመጠየቅ ነበር። ይህ ማንንም አያስገርምም። ወታደሩ የሚያጠልቀው የራስ ቁር ንግግሩንና የልቡን ትርታ ሲመዘግብ ይኖራል። ባለቤቱ ቢሞትም «አስታዋሽ» የሚባለው መሣሪያ ከመዝገቡ ተነሥቶ፣ ሟቹ በሕይወት ቢኖር ይሰጥ የነበረውን መልስ በራሱ ድምፅ ይሰጣል።

ጦርነቱ በተጀመረ በአራተኛው ቀን ጨው ሜዳ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች አልቀዋል። ውዳላት የምትመራው ክፍል የተቋቋመው ሠራዊቱ ከዚያ ሽንፈት የሚማረውን ለቅሞ እንዲያወጣ ነው። በአራት ወር አርባ ትምህርቶች አወጣች። ከሁሉ የሚበልጠው፣ «ጋሻ» የተሰኘው የድሮኖች መንጋ አቧራ ሲነሣ ስለሚታወር ብቻውን እንዳይታመን የሚለው ነበር። አርባውም እውነት ናቸው። አዲሶቹ ብርጌዶች በእነሱ ሠልጥነው ሁለት ጊዜ ድል አድርገዋል።

ከጨው ሜዳ ሟቾች የቀረው የሃምሳ አለቃ አንዳርጌ ቁር ብቻ ነበር። እሱ ላይ ግን መሣሪያው እንቢ አለ። ምንም ቢጠየቅ የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፦

«መልእክቴ ደርሷል?»

የመሣሪያው ባለሙያ ጫላ ሦስት ቀን ሙሉ ታገለውና መዝገቡ ስለተጎዳ ቢሰረዝ ይሻላል አላት። ውዳላት እሺ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ከዚያ ግን ብቻዋን እንዲተዋት ለመነችው።

የትኛው መልእክት እንደሆነ ታውቃለች። ያን ጊዜ በጠቅላይ መምሪያው ተረኛ መኮንን እሷ ነበረች። አንዳርጌ፣ ንፋስ ሲነሣ ጋሻው እንደማያይ ጽፎ በሬዲዮ ላከ። ጋሻውን ፈትሻ በጦሩ አዛዥ በጄኔራል አበጋዝ ፊት ያወደሰችው ራሷ ናት። ጄኔራሉም በዚያ ሳምንት የፍርሃት ወሬ እንዳይመጣባቸው አዝዘው ነበር። «ይጣራ» ብላ ወደ ጎን አደረገችው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። በማግስቱ ጠላት አቧራውን ተከልሎ መጣ።

«ደርሷል» አለችው። «ሦስቱም ደርሰዋል። ለማንም ሳልናገር ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።»



«ሬዲዮዬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አለ ድምፁ። «አራተኛ ልልክ አስቤ፣ ፈሪ ይሉኛል ብዬ ተውኩት። ልጆቹን ያስጨረስኳቸው እኔ ነኝ ስል ነበር፣ ሻለቃ።»

መሣሪያው የፈጠረው ነገር ይሆን ብላ መዝገቡን ከፈተች። አልፈጠረም። አንዳርጌ በመጨረሻዋ ሰዓቱ ይህንኑ ለራሱ ሲያጉረመርም ተቀድቷል። የእሷን ጥፋት ተሸክሞ ነው የሞተው።

አርባ አንደኛውን ትምህርት ስሟን ጠርታ ጻፈች። ትምህርቶቹም የሚገቡበት ይኸው መሣሪያ ስለ ጦር መሣሪያና ስለ ውጊያ አሰላለፍ ካልሆነ አይቀበልምና «ለሥልጠና የማይሆን» ብሎ መለሰው። በእጇ ገልብጣ ለጄኔራል አበጋዝ ወሰደችው።

ጄኔራሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። የአቧራውን ነገር ተምረነዋል፣ ራስሽን ለምን ታቃጥያለሽ ብለው በለሆሳስ ጠየቋት።

«በሚቀጥለው ጊዜ የምናስቀረው መልእክት ስለ አቧራ አይሆንም፣ ጌታዬ።»

ጄኔራሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «የፍርሃት ወሬ አታምጡብኝ ያልኩት ለአንቺ ብቻ ነበር?»

«ለሁላችንም ነበር።»

ከእሷ ስም ሥር የራሳቸውን ጻፉ። ወረቀቱም በየጦር ክፍሉ ዞሮ ለመኮንኖች እንዲነበብ፣ እንዲህ ያለ መልእክት ያስቀረም ስሙን እንዲጨምር አዘዙ። ውዳላት ማዕረጓ ተገፎ የፍርድ ቀኗን መጠበቅ ጀመረች።

ወረቀቱ በአሥረኛው ቀን ሠላሳ አራት ስም ይዞ ተመለሰ። ጫላ ስሞቹን ከየጦር ሜዳው ጋር ሲያስተያይ ቆይቶ አንገቱን እንደደፋ ወደ ውዳላት መጣ። አሥራ ሁለቱ የጻፉት ስለ ጨው ሜዳ አልነበረም፤ ሠራዊቱ ስላሸነፈባቸው ሁለት ውጊያዎች ነበር። በእነዚያ የሞቱትን ሰዎች ቁር፣ ድል ነውና ተብሎ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ከፍቶት አያውቅም።