የፊደሉ ካርትሪጅ

አቶ ገብረትንሣኤ ፒያሳ ባለው የጥገና ሱቃቸው፣ ከአሮጌው ኮምፒውተራቸው ፊት እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። ሻያቸው ውስጥ መርዝ ነበር። ስክሪኑ ላይ ደግሞ በአማርኛ «ሕይወት ሰልችቶኝ በገዛ እጄ ነው» ይላል።

«ራሱን አጥፍቷል፤ መዝገቡን ዝጊው» አለ ኮማንደር ተክለሃይማኖት።

«አልፈርምም!» አለች ኢንስፔክተር ፀደንያ።

ደብሩ ይህንኑ ሰምቶ ፍትሐት አይደረግም ብሏል። የሟቹ ልጅ ንግስቲ በሩ ላይ ቆማ «አባቴን እንደ ውሻ አላስቀብርም! ሞቼ ነው!» ትላለች። እሰይ፣ የኔ አንበሳ! አለች ፀደንያ በልቧ።

የሟቹን የወንድም ልጅ ሰመረን ጠራችው። አርባ ዓመት ያለፈው፣ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ነው።

«ይኼ ማሽን አማርኛ ከየት አመጣ?»

«ከካርትሪጇ ነዋ!» ከጀርባው የተሰካችውን ጥቁር ሳጥን አሳያት። «ፊደሉን የጫኑባት ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛ የላትም። የውጭ ሰው ልግዛት ቢላቸው እምቢ አሉ።»

«የሚጻፈውስ የት ይቀመጣል?»

«የትም! እሷ የያዘችው ፊደሉን ብቻ ነው።» ሳቀባት። «ጠዋት አብረን ሻይ ጠጥተን ወጣሁ። ስድስት ሰዓት መብራት ሲመጣ ገባ ብዬ፣ ያንቀላፉ መስሎኝ ተመለስኩ።»

ፊት ለፊት ካፌ ያላት ወይዘሮ አሰፋች ደግሞ «መብራት ከሦስት እስከ ስድስት ጠፍቶ ማኪያቶ እንኳ አልሠራሁም» አለች። «ከመጣ በኋላ ሰመረ ብቻ ገብቶ ወጣ። እኔ ምሳ ይዤላቸው በሩን ስከፍት ጮህኩ፤ ደብዳቤውን ያነበብነው ከጎረቤቱ ጋር ነው።»

ፀደንያ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበችና የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀለችው።

«አብደሻል? ማስረጃውን!» ጮኸ ኮማንደሩ።

«ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ጌታዬ።» መልሳ ሰካችው። ስክሪኑ ባዶውን በራ።

«አስከሬኑን ያየው ሐኪም ከሦስት ሰዓት በፊት ሞተዋል ብሏል። መብራቱ የጠፋው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እሳቸው ጽፈውት ቢሆን እንዲህ ድራሹ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ እኛ ያነበብነው የተጻፈው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። የሞተ ሰው ደግሞ አይጽፍም። ከዚያ ወዲህ ብቻውን የገባ አንድ ሰው ነው፤ በካርትሪጇ መጻፍም ያውቃል። ጠዋት ገድሏቸው የጻፈውን መብራት ቢያጠፋበት ተመልሶ ጻፈው። ፖሊስ ይኼን ማሽን የት ያውቀዋል ብሎ ናቀን።»

ሰመረ ላብ በላብ ሆነ። «ሸጠን ያልፍልን ነበር እኮ! እዚህ ሱቅ ውስጥ ሊያበሰብሷት!»

ንግስቲ ዞር ብላም አላየችው። ኮማንደሩ ፊት ቆመች።

«ራሱን ገደለ ብለው ለደብሩ የደወሉት እርስዎ ነዎት። አሁንም እርስዎ ይደውሉ፤ እኔ እየሰማሁ።»

ኮማንደሩ ስልኩን አወጣ።