ቁጥር አምስት ጉድጓድ

«ፍዮሪ፣ ጓለይ፣ መስኮቱ ላይ የነበረችውን ጠርሙስ አይተሻል?» አቶ አጽብሐ የፒያሳ ወርቅ ቤታቸውን ጓዳ ማተራመስ ከጀመሩ ግማሽ ሰዓት ሆኗቸዋል።

«ባዶዋን?» አለች ልጃቸው፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል።

«ባዶ? ታች የተኛውን ዝቃጭ አላየሽም? ወርቅ በአሲድ ያጠብኩበት ነው። ተጣርቶ ስንት ነገር ይወጣው ነበር።» አንጥረኛ የወለሉን ጥራጊ እንኳ አይጥልም። አቶ አጽብሐ ጭራሽ ጫማቸውን ሳያራግፉ ከሱቁ አይወጡም።

የፍዮሪ እስክሪብቶ ቆመ። «ውሃ ቀዳሁባት፣ አባዬ።»

አባቷ መጀመሪያ እጆቿን ገልብጠው አዩ። አለመቃጠሏን ሲያረጋግጡ «ወርቄን ውሃ አጠጣሽዋ» ብለው ሳቁ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ቅዳሜ የትምህርት ቤቷ የሳይንስ ክበብ ወርቅ ማውጫ አጠገብ ወዳለች መንደር ሄዶ ከአምስት ጉድጓዶች ውሃ ሲቀዳ፣ የተሰጣትን ጠርሙስ በዋዜማው ሰብራ ስለነበር የአባቷን ከመስኮቱ አንስታ ይዛ ሄደች። መምህራቸው ቲቸር ሉልሰገድ «በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ሳታለቀልቁ እንዳትሞሉ» ብለው ነበር። አውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ አንዴም ሳታለቀልቅ ሞላች።

ትናንት አሲድነቱ በፒኤች ሲለካ የአራቱ ጉድጓዶች ውሃ ጤናማው ሰባት አካባቢ ሲሆን፣ የእሷ ቁጥር አምስት ሦስት አሳየ፤ ለሎሚ ጭማቂ የቀረበ አሲድ። ቲቸር ወዲያው ደውለው ጉድጓዱን አስዘጉ። የክበቡ ልጆች ግን አጨበጨቡ፤ በነገው ኤግዚቢሽን አንደኛ መውጣታቸው ነው። ፍዮሪም አጨብጭባለች። የሰው ውሃ ተመረዘ ተብሎ ይጨበጨባል? አሁን ስታስበው ፊቷ ጋለ።

ተነስታ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች። ላቦራቶሪው ውስጥ የክበቡ አባል ሱፊያን የኤግዚቢሽኑ ፖስተር ላይ «የተመረዘው ጉድጓድ» ብሎ በቀይ ቀለም እየጻፈ ነበር።

«ብሩሹን አስቀምጠው» አለችና ስለ ጠርሙሱ ነገረችው።

ሱፊያን በሩን አየት አደረገ። «ማን ሰማ? መጀመሪያ እንሸለም፣ ከዚያ ትናገሪያለሽ። ፋራ አትሁኚ።»

«እስከዚያ እትዬ ዓለምጸሃይ ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ ይመላለሱ? ላንተ ዋንጫ ሲባል?» እትዬ ዓለምጸሃይ የጉድጓዱ ጠባቂ ናቸው፤ ቅዳሜ ለሁሉም ቆሎ ያዘገኑ።

«ተረጋጊ፣ ጀለስ። ስትቆጪ ያስፈራል።» ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነከረው። «ሂጂ ንገሪያቸው። ፖስተሩን ግን አንቺ ነሽ የምትደግሚው።»

ፍዮሪ ቲቸር ሉልሰገድን ወደ ላቦራቶሪው ጠርታ ሁሉንም ነገረቻቸው። ራሳቸው ከቁጥር አምስት የቀዱትን መጠባበቂያ ጠርሙስ ከፍሪጅ አወጡ። «እኔም ይህን ሳልለካ ነው ስልክ ያነሳሁት» አሉ። መለኪያውን ነከሩት። ቁጥሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ሰባት ነጥብ ሁለት ላይ ቆመ።

ሱፊያን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ እስክስታ መታ። ፍዮሪ እስኪያማት ሳቀች፤ የቲቸርም ትከሻ ከዳቸው። ዋንጫውን ማንም አላስታወሰውም።

«ከወርቅ ማውጫው ሜርኩሪ ገብቶበት እንደሆነ ምርመራው ገና ነው፤ ክትትላችን አይቆምም» አሉ ቲቸር፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ያስዘጋሁት ግን በአሲዱ ነው። ደውዬ ላስከፍት።»

ፍዮሪ እጇን ዘረጋች። «እኔ ልደውል፣ ቲቸር።»

ስልኩን ሰጧት። ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ።

«እትዬ ዓለምጸሃይ፣ ፍዮሪ ነኝ፣ ከፒያሳ። ጠርሙሷን ሳላለቀልቅ የሞላኋት እኔ ነኝ።»