የታችኛው ፎቅ ለቅሶ

ይርገዱ አራስ ልጇን ስንዱን ልትጠብቅ ከወልድያ ተነሥታ ያን ብርዳም አገር ከረገጠች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዐይኗ አልዞረም። አጥሚት ታሞቃለች፣ ዳይፐር ትቀይራለች፣ የስንዱን ወገብ ታሻለች፤ ከዚያ የልጅ ልጇን ታቅፋ ከመስኮት መስኮት እየተመላለሰች እሹሩሩ ትላለች። ማሙሽ እንደሆነ አንዴ ማልቀስ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። የስንዱ ባል መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፣ ከሄደ ሰንብቷል፤ እናትና ልጅ ብቻቸውን፣ ዐይናቸው ደም መስሎ፣ ተራ በተራ ይደክማሉ።

አገሩ ደግሞ አይጣል ነው። ፀሐይ ወጣች ሲሉ ትጠልቃለች፤ ደረጃው የእርጥብ ድንጋይና የተቀቀለ ጎመን ይሸታል፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን ዝምታው ነው፣ ያን ሁሉ ፎቅ ሰው ሞልቶት ሳል እንኳ አይሰማም። ይርገዱ ደረጃው ላይ ያገኘችውን ሁሉ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣለች፤ የሚመልስላት የለም። ስንዱ፣ እዚህ አገር ሰው ቤት ሳይጠሩ አይገባም ብላ ደጋግማ መክራታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ የታችኛው ፎቅ በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። ውስጥ መብራት የለም። ጥቁር የለበሱ ሴቶችና ወንዶች በግድግዳው ዙሪያ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በድንግዝግዙ ውስጥ ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። ለቅሶ ነው እንግዲህ። ለቅሶ ቤት ደጅ ደርሶ ማለፍ ደግሞ፣ አገር ቢለወጥም፣ ለይርገዱ የሚሞከር አይደለም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች።

የሟች ፎቶ የለም፤ ስሙን የሚነግራትም የለም። ስለዚህ አፏ ላይ የመጣላትን፣ ልጄን፣ ልጄን እያለች ደረቷን መታች። ድካም ያጠራቀመው እንባ ነውና ሲወርድ ወረደ። ከእነሱ ግን አንድም ያለቀሰ አልነበረም። ወንበራቸውን እየጎተቱ ጠጋ ጠጋ ብለው አዩዋት እንጂ፤ ትንፋሻቸው ለዘመናት ተዘግቶ የኖረ ምድር ቤት ይሸታል። አንዲት አሮጊት እንባዋን በመሐረብ ጠረገችላት፣ መሐረቡንም በጥንቃቄ አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

ወደ ላይ ስትመለስ ማሙሽ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ተመስገን አለች ይርገዱ፤ እሷም ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት።

በማግስቱም ወረደች፤ ለቅሶ አንድ ቀን ብቻ ደርሶ መቅረት ደግ አይደለም። አልቅሳ ስትመለስ ሕፃኑ ነቅቷል፣ አያለቅስም፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከዚያ ወዲህ ጡት የሚይዘው በግድ ሆነ። ስንዱ ልጄ ጠባይ ገዛ ብላ ደስ አላት። ይርገዱ ግን እጁን ስትነካው ቀዝቀዝ አለባት፤ በጋቢ ጠቀለለችው። ልቧ ፈራ። ቢሆንም ደክሟታል፣ ጸጥታውም ጣፍጧታል፤ እንደገና ወረደች።

የዚያን ቀን አሮጊቷ እስከ ላይ ድረስ ሸኘቻት፤ በሩ ላይ ለስንዱ ዝግ ባለ ድምፅ በአገሩ ቋንቋ የሆነ ነገር ነግራት ሄደች። ስንዱ ግራ ገብቷት ወደ እናቷ ዞረች።

“እማዬ፣ ማን ሞተ ብለሽ ነው ስታለቅሺ የሰነበትሽው?”

“እኔ ምን አውቄ። የነሱ ሰው ነዋ።”

“ማንም አልሞተብንም ነው የምትለው። ዘንድሮ ሞት ከማናችን ቤት እንደሚገባ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ነበር፣ እናትሽ መጥታ በእኛ ፈንታ አለቀሰችልን፣ እግዜር ይስጥልን አለችኝ።”

ይርገዱ ማሙሽን ከአልጋው አንሥታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፣ አሸችው፣ መዳፉን እፍ እፍ አለችበት፤ ያን ያማረራትን ለቅሶ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያሰማት ለመነችው። ሕፃኑ ዝም አለ። ከታች ወንበር ሲነሣ ተሰማ፣ ከዚያ ብዙ ወንበር፣ ብዙ እግር፣ በደረጃው ላይ ቀስ እያለ ወደ እነሱ የሚወጣ። በሩ ተንኳኳ። አትክፈቺ ልትል አፏን ስታላቅቅ ስንዱ ከፍታዋለች።

ጥቁር ለባሾቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ ይዘዋቸው የመጡትን ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ደርድረው ተቀመጡ፤ ከዚያም ሁሉም በአንድነት፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ማልቀስ ጀመሩ።

ሕፃኑ በይርገዱ እቅፍ ውስጥ ገና ይተነፍስ ነበር።