በታወረው ዓይኔ ያየኋት ምስር

እኔ አያ ምስጋናው ማለት የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ማንበብን ከስኳር ከረጢት ላይ የተማርኩ፣ ላሊበላ ውስጥ ሬዲዮው ዝም ያለበት ሁሉ የሚፈልገኝ ሰው ነኝ። ጋኔን፣ ቡዳ፣ ጥላ ወጊ አለ ሲሉኝ እስቅ ነበር፣ እመነኝ ወዳጄ፣ ያቺ ሌሊት ባትመጣ ዛሬም እስቅ ነበር።

አምና በጋ የሰማይ ተመራማሪዎች ቴሌስኮፕ ይዘው አሸተን ተራራ ላይ ሰፈሩና በጥበቃ ቀጠሩኝ፣ ታዲያ ቦታው ገደል አፋፍ ነውና "ዓይኑ ጤነኛ ያልሆነ እዚህ አያድርም" አሉ፣ የእኔን ቀኝ ዓይን ደግሞ ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመቱ፣ አልነገርኳቸውም፣ ለምን ልንገር? በአንዱም እበልጣቸዋለሁ።

አንድ ሌሊት ሰላም የምትባለው ተመራማሪ በኮምፒውተሯ የአንድ ጋላክሲ ፎቶ አሳየችኝ፣ መሀሉ ያበጠ፣ ዳሩ የሳሳ፣ ቁርጥ የምስር ፍሬ።

"ብርሃኑ ከዚያ ሲነሣ ሰው የሚባል ፍጥረት አልነበረም፣ አባባ። እንዲህ ያለ አዲስ ካላገኘን ነገ ዕቃችንን ጭነን እንሄዳለን።"

ከሥራዬ ልወጣ ነው ማለት ነው። ዙሪያውን ልቃኝ ወጣሁ። ነፋሱ ቆመ፣ ጅቡም ዝም አለ፣ የቴሌስኮፑ ሞተር ብቻ ሲጥ ሲጥ ይላል። ቀና ስል በፎቶው እንዳየኋት ያለች ምስር ከተራራው ጫፍ በላይ ጋደል ብላለች። ራሴን ባዞር አብራኝ አልዞረችም። ደህናውን ዓይኔን ስጨፍን ኮከቡ ሁሉ ጠፋ፣ እሷ ብቻ ቀረች። የታወረውን በመዳፌ ሸፈንኩት፣ አልተሸፈነችም!

"ሰላም! ነይ፣ እዚያ ጋ!"

በመቋሚያዬ ጠቆምኩ፣ በጣቱ ኮከብ የጠቆመ ኪንታሮት ያወጣል ይባላል፣ አላምንበትም፣ ግን ምን አስቸኮለኝ? እሷም ጉንጯን መቋሚያው ላይ አስደግፋ አየች።

"ባዶ ሰማይ እኮ ነው፣ አባባ! ጠላ ቀምሰዋል እንዴ?"

"ግድየለሽም፣ ቴሌስኮፑን ወደዚያ አዙሪው!"

እየሳቀች አዞረችው። ፎቶው ሲወጣ ሳቋ ተቋረጠ፣ ምስሯ ነበረች። የታወቁት ጋላክሲዎች የተጻፉበትን መዝገብ ሁለት ጊዜ ፈተሸች፣ የለችበትም።

"ይህ በሰው ዓይን አይታይም" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "በየትኛው ዓይንዎ አዩት?"

"በሁለቱም" አልኩ።

እንግዲህ ያደረግሁትን ቁጠርልኝ፤ ዓለም ያላያትን አገኘሁ፣ ተመራማሪዎቹን አስቀረሁ፣ ከሥራዬ አልወጣሁም፣ ኪንታሮትም አላወጣሁም፣ ስለ ዓይኔ ትንፍሽ አላልኩም። አሁን ግን ወደ ዞርኩበት ትዞራለች፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጨለማው ላይም፣ ጨፍኜ ስተኛም አለች። አምና የአውራ ጣቴን ጥፍር ግማሽ ታህል ነበር፣ ትናንት ጥፍሬን አልፋለች። ይህንንም የለካሁት እኔው ነኝ።